ዳግሩን ገንዳ ቀየረች

ዳግሩን የፍል ውሃ ገንዳዋን የቀየረችው በጥቅምት ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከአርባ ሁለት ዲግሪው ወጣች፤ አምስት እርምጃ እያነከሰች ተራመደችና ሕፃናት ወደሚንቦጫረቁበት ለብ ያለ ገንዳ ገባች። የሠራችው ይኸው ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን የስቫልቪክ ሰው፣ ዘጠኝ መቶውም ነፍስ፣ ዳግሩን ማርገዟን ሰምቶ ነበር።

ሰው አይፈረድበትም። በስቫልቪክ ማን የትኛው ገንዳ ውስጥ እንደሚቀመጥ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር በላይ የታወቀ ነው። አርባ አራቱ የዓሣ አጥማጆች፣ አርባ ሁለቱ የወሬኞች፣ ሠላሳ ስምንቱ የልጆችና የእርጉዞች ነው። ዳግሩን ደግሞ በረዶ ቢወርድ፣ ነፋስ ቢያናውጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሁለቱ ውስጥ እስከ አገጯ ተነክራ ጣቶቿ እስኪፈቱላት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት ስትነሣ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ያገር ልማድ ነው።

ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አይታዘዟትም። በሃያ አምስት ዓመቷ የያዛት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ እሷ "ቁርጥማቴ" ትለዋለች፤ አብሯት እንደሚኖር ሰነፍ ዘመድ ታማዋለች። እጇ ሲያብጥ፣ ጉልበቷ ሲግል፣ የእርጎ ክዳን በጥርሷ ስትከፍት መጀመሪያ የምትስቀው ራሷ ናት። ሰው ሳይስቅባት መቅደም ለምዶባታል።

ሥራዋ ደግሞ አለ። እግዜር ቀልድ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዳግሩንን ይይ። እንጀራዋ በግ ማስረገዝ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ከአውራ በጎች ጣቢያ የሚላከውን ዘር በቀጫጭን ቱቦዎች ይዛ ከእርሻ እርሻ ትዞራለች፤ በአንድ ወቅት ስምንት መቶ በግ ያህል። ከመቶው ሰባውን ይይዝላታል። ገበሬዎቹ "እጇ የተባረከ ነው" ይሏታል። ራሷ ግን ከሐምሌ ጀምሮ ከባሏ ከኮልቤን ጋር ብትሞክር ብትሞክር ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህች ናት።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። በሚያዝያ ወር ዳግሩን ወደ ትልቁ ከተማ ወርዳ የመገጣጠሚያ ሐኪሟን ማትሂልዱርን "ልጅ እፈልጋለሁ" አለቻት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ይህችን ቃል ከአፏ ለማውጣት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ማትሂልዱር አልደነገጠችም። በሳምንት አንዴ የምትውጠው ሜቶትሬክሴት የሚባለው ክኒን ፅንስ ስለሚጎዳ ይቁም፤ ሦስት ወር ይጠበቅ፤ በእሱ ፈንታ በእርግዝናም ጊዜ የማያሰጋ መርፌ በየሁለት ሳምንቱ ትወጋ አለች።

"መርፌውን ግን እንዳትተዪ" ብላ ደገመችላት። "ሕመምሽ ከተነሣ ማርገዙም ይዘገይብሻል፤ የሚወለደውም ልጅ አይመቸውም።"

ዳግሩን ራሷን ነቀነቀች፤ በመነቅነቅ ማንም አይወዳደራትም። ከዚያ መርፌዎቹን እየተቀበለች ጋራዥ ውስጥ ባለው የሥራ ፍሪጅ ከበግ ክትባቱ ጎን ደረደረቻቸው፤ አንዱንም አልተወጋችም። ልጅ የሚገባበት ሰውነት ንጹሕ መሆን አለበት የሚል ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። አያቷ በተሰበረ እጇ ሣር አጭዳለች እየተባለ በቤቱ ሲወራ ነው ያደገችው፤ ትንሽ ሕመም የማትችል ሴት ምኑን እናት ሆነችው? ኮልቤን የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነው። ቀኑን ሙሉ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲዘረግፍ ይውላል፤ መርፌ ሲያይ ግን ከክፍሉ ይወጣል። "ጋራዥ ሄጄ ልወጋ" ስትለው አንድም ቀን ተከትሏት አያውቅም። ሕመሙ ሲብስባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ኢቡፕሮፌን እንደ ከረሜላ ትቅማለች፤ እሱን ከመድኃኒት አልቆጠረችውም።

በጥቅምት ወር አበባዋ አምስት ቀን ዘገየ። በአምስተኛው ቀን፣ ያ ማክሰኞ ማለት ነው፣ በጣም የሞቀ ውሃ ለፅንስ ደግ አይደለም ሲባል መስማቷ ትዝ አላትና ገንዳ ቀየረች። ሐሙስ ዕለት ደሙ መጣ። መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ ሄደች፤ ለኮልቤን እንኳ ማታ ነው የነገረችው።

ዓርብ ጠዋት ወደ አርባ ሁለቱ ልትመለስ አስባ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ራቁቱን ሳይታጠብ ማንም ውሃ አይገባም፤ የሴቶቹ መታጠቢያ ውስጥ ደግሞ ሲጉርሊና ቆማለች። ሲጉርሊና የሰማንያ አንድ ዓመት ጡረተኛ አዋላጅ ናት፤ የከተማውን ግማሽ፣ ዳግሩንንም ጨምሮ፣ በእጇ የተቀበለች። ሳሙናዋን እያሻሸች የዳግሩንን ሆድ ትክ ብላ አየችው።

"አንቺ፣ ስንት ሳምንት ሆነሽ?"

"ኧረ ምንም የለም ሲጉርሊና።"

"እሺ፣ እሺ። ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም፤ ለእኔ ልታስተምሪ ነው እንዴ? አፌ መቃብር ነው።"

የሲጉርሊና መቃብር ከተማውን ለመዞር ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ዳግሩን ይህን ታውቃለች፤ ያኔውኑ "አይደለሁም፣ ትናንት መጣ" ብትል ያልቅ ነበር። አላለችም። ምክንያቱን ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ እውነቱ እንዲህ ነው፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያገኛት "እጅሽ እንዴት ነው?" ነበር የሚላት። አሁን ዓይናቸው ከጣቷ ላይ ተነሥቶ ሆዷ ላይ አረፈ፤ ደስ አላት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ልደሰት አለች።

ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። ዳግሩን በየጠዋቱ ከሕፃናት ጋር ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ጣቷ ሳይፈታ ትወጣለች፤ ዳቦ ቤት ስትገባ "ለሁለት ብዪ" እያሉ ክላይና የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ በነፃ ይጨምሩላታል። እሷም ይሉኝታ ይዟት ትበላለች። ሆዷ በዚህ መልክ ወጣ ወጣ ሲል ሲጉርሊና ሻወሩ ሥር "ወደ ፊት የገፋ ነው፤ ወንድ ይመስለኛል" አለች። ትንሽ ቢጫ የሱፍ ሹራብም ጀምራለች ተባለ።

ታኅሣሥ ገባ። የዚያን ጊዜ ዳግሩን ካልሲዋን የምታጠልቀው በወጥ ቤት መቆንጠጫ ነበር። ዘሩ ጠዋት ከደረሰ እስከ ማታ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ኢቡፕሮፌኗን ቃም አድርጋ ወደ ቤርሲ እርሻ ነዳች። ቤርሲ የሰባ ስምንት ዓመት ሚስት አልባ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከስልሳ በጎቹና ከአርባ ሁለቱ ገንዳ በቀር የሚያነጋግረው የለም። በጎቹን በስም ይጠራል፤ ከሁሉም የሚወዳት ፍሬክያ የምትባለዋን ጥቁር ባለጌ በግ ነው።

ጉሮኖው ውስጥ ቤርሲ አንድ በአንድ እየያዘ፣ ዳግሩን እየተንበረከከች አሥራ አራት በግ ጨረሱ። አሥራ አምስተኛዋ ፍሬክያ ነበረች፤ የፊት እግሯን እያነሣች መጣች። ዳግሩን ጉልበቷን ዳበሰችው፤ ያበጠና የጋለ ነው።

"ይችን አልነካም" አለች።

"ምን ሆንሽ? አውራ ፈልጋለች እኮ። ዘሩም መጥቷል።"

"ቤርሲ፣ ጉልበቷን አላየኸውም? ስቃይ ላይ ያለች በግ ትይዛለች ብለህ ነው? ብትይዝስ ምን ተሸክማ ትቆማለች? መጀመሪያ ሐኪም ጥራላት፤ መድኃኒቷን ስጣት፤ ቀልባት፤ ሥጋ ይመለስላት። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። አርባ ዓመት በግ አርብተህ ይኼ ይጠፋሃል? እንዲያው ጭካኔ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!"

ንግግሯ አማረላት። በየዓመቱ የምትናገረው ነው፤ ገበሬ ሁሉ ለዘር የሚያቀርባትን በግ ቀድሞ መቀለብ እንዳለበት ከእሷ በላይ የሚሰብክ የለም። ንግግሯን ጨርሳ በኩራት ልትነሣ ስትል ጉልበቷ እምቢ አለ። ሌላኛውን ሞከረች፤ እሱም እምቢ። እጇን አጥሩ ላይ ብታሳርፍ ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። በመጨረሻ ድርቆሹ ላይ በቂጧ ዘፍ አለች። ፍሬክያ መጥታ ጃኬቷን አሸተተቻት።

ቤርሲ ከብብቷ ሥር ይዞ ሊያነሣት ሞከረ፤ ከበደችው።

"ቀስ በይ፤ አትታገይ" አለ። "በአራት ወር ሆድ ምን አንበረከከሽ አንቺ ልጅ? ጣቢያው ለምን ሌላ ሰው አልላከም?"

"እርጉዝ አይደለሁም።"

"ምን?"

"እርጉዝ አይደለሁም ቤርሲ። አምስት ቀን ዘገየብኝ፣ ገንዳ ቀየርኩ፣ መጣ፤ ከዚያ ለመመለስ አፈርኩ። ይኸው ነው።"

ቤርሲ አያት፤ ከዚያ ሆዷን አየ።

"ይኼስ?"

"ክላይና ነው።"

ይስቃል ብላ ነበር። ቢስቅ አብራው ትስቅና ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ሽማግሌው ግን የተገለበጠ ባልዲ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እንዲህ የሚያደርግሽ ቁርጥማቱ ነው? መድኃኒት አልነበረሽም እንዴ?"

"ነበረኝ። ትቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"ለልጁ ብዬ ነዋ!"

"ለየትኛው ልጅ?"

 ቤርሲ ሊነካት ብሎ አልነበረም የጠየቃት፤ በእውነት ስላልገባው ነው። "እኔ እንኳ በግ ነው የማውቀው" አለ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ዳግሩን ግን ፍሬክያን እያየች ነበር። ያ ሁሉ ስብከት፣ ቀልባት፣ አሳክማት፣ ጭካኔ ነው ያለችው ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣባት። ለሰው በግ የምታዝነውን ያህል ለራሷ አዝና እንደማታውቅ እዚያ ድርቆሽ ላይ ገባት፤ ከሕመሙ ይልቅ እሱ አስለቀሳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን መድኃኒቱንም አብራ ደብቃለች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለማትሂልዱር ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ፍሪጁን፣ የበግ ክትባቱን፣ የኮልቤንን መርፌ መፍራት። ማትሂልዱር እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ታዲያ ሕመሙን በምን ቻልሽው?"

"በኢቡፕሮፌን። በቀን አራት። አንዳንዴ ስድስት።"



"ዳግሩን፣ እሱ እኮ ዘወትር ሲወሰድ እንቁላልሽ በጊዜው እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል። ልጅ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ እንዲወሰድ አንመክርም።"

"ማለት… የሚጠቅመኝን ፍሪጅ ውስጥ ቆልፌ የሚያግደኝን ስቅም ነበር የከረምኩት?"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"ሰው እንደዚህ ይደድባል?"

"ብዙ ጊዜ" አለች ማትሂልዱር። "ብቻሽን አይደለሽም። አሁን የሐኪም ቤት ወሬ በቃን፤ መርፌውን ዛሬውኑ ተወጊ፤ በጥር ደግሞ መጥተሽ እንይሽ።"

ያን ዕለት ማታ ለኮልቤን ነገረችው። ኮልቤን አልጮኸም፤ ረጅም ሰዓት ድንች ሲልጥ ቆየ። "ስምንት ወር ዋሸሽኝ" አለ በመጨረሻ፤ "ፈሪ ስለሆንኩ ነው የተመቸሽ።" የዳግሩን ጣቶች መርፌውን መጫን ስላልቻሉ የወጋት እሱ ነው። ላብ በላብ ሆኖ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ "አንድ፣ ሁለት" ብሎ ሦስትን ሳይጠራ ወጋት። ከዚያ ወለሉ ላይ ጋደም አለ፤ እሷም አጠገቡ ጋደመች።

የቀረው ገንዳው ነበር። በማግሥቱ አርባ ሁለቱ ውስጥ ገብታ፣ እስከ አገጯ ተነክራ፣ ለተቀመጡት ሰባት ሰዎች እርጉዝ እንዳልሆነች፣ ሆናም እንደማታውቅ፣ ገንዳ በቀየረችበት ሳምንት ሐሙስ ዕለት ደሙ መጥቶ እንደነበር ተናገረች። አንዱ ሳል ያዘው። ሌላው ስለ ነፋሱ አንሥቶ ተወው። ዳግሩን ሲጉርሊናን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

"ሹራቡን ፍቺው ሲጉርሊና" አለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ሱፍ አይበላሽም" አለች አሮጊቷ። ደግሞም፣ "ያ ሐሙስ፣ ደሙ የመጣብሽ ዕለት፣ ማን ነበር አብሮሽ?"

"ማንም።"

ሲጉርሊና በውሃው ሥር እጇን ሰድዳ ያበጠውን የዳግሩንን እጅ ያዘችና እስክትወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።

ከዚያ ወዲያ ተአምር አልተፈጠረም። በጥር ምንም የለም፤ በየካቲትም። በመጋቢት ጣቶቿ በረድ በረድ አሉ፤ ካልሲዋን በእጇ አጠለቀች፤ ልጅ ግን የለም። በሚያዝያ ሠላሳ ሰባት ሞላትና ለራሷ "እንግዲህ አርጅተሻል፤ በግ ብትሆኚ እንኳ ሥጋሽ አይጣፍጥም" አለች። ግንቦት የበጎች መውለጃ ነበር፤ ሌት ተቀን ግልገል ስትቀበል ከረመች። ሰኔ ላይ በቤንዚን ማደያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሁለት መስመር አየች። ኮልቤንን ጠራችው፤ አብረው አዩት፤ አላመኑምና ሌላ ሦስት መመርመሪያ ገዙ። የማደያው ባለ ሱቅ አንድ ነገር ሳይናገር አስታቀፋቸው፤ እሱም የስቫልቪክ ሰው ስለሆነ ዝምታው ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

እርግዝናው ለመገጣጠሚያዋ በዓል ሆነላት። አንዳንዱ ሴት እንዲህ ይቀልላታል ብላ ማትሂልዱር ነግራታለች። ዳግሩን የእርጎ ክዳን በጣቷ እየከፈተች ለማይበላው ሰው ሁሉ ታድላለች፤ በስምንት ወሯ በረዶ ዛቀች፤ ኮልቤን አካፋውን ቀማት። "ከወለድሽ በኋላ ግን ሊነሣብሽ ይችላል" ብላት ነበር ማትሂልዱር። እዚህ ላይ ዳግሩን አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

በመጋቢት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም፣ ቀይ፣ ቁጡ። እንዳገሩ ልማድ ገና ስም አልወጣላትም፤ "ትንሿ" ይሏታል፤ ዳግሩንም "ልጄ" ማለት ሳትደፍር "ትንሿ" ትላታለች። ዳግሩን ስድስት ሳምንት ሙሉ ታቀፈቻት፣ አጠበቻት፣ በሌሊት የሕፃን ልብሷን ቁልፎች እየቆለፈችላት እያየቻት ተቀመጠች። ደስታዋን ደብቃ አታውቅም፤ ለፖስተኛው ሳይቀር አሳየችው።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ሰኞ ጠዋት ዓይኗን ስትከፍት ሁለቱም እጆቿ ተጨብጠው ቀርተው ነበር። ትከሻዋም አልነሣ አለ። ኮልቤን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዷል። ትንሿ በአልጋዋ ውስጥ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በሙሉ አቅሟ።

ዳግሩን አልጋው ራስጌ ቆመች። አንድ እጇን ከሕፃኗ አንገት ሥር ልትሰድ ሞከረች፤ ጣቷ አልተዘረጋም። በክንዷ ልትሞክር አሰበችና ብትወድቅብኝስ ብላ ቀረች። ይህ ነበር የፈራችው። ሦስት ዓመት ቃሏን ከአፏ ያላወጣችው፣ መርፌውን የደበቀችው፣ ጎበዝ ነኝ ጎበዝ ነኝ ያለችው ሁሉ ይህችን ጠዋት ሸሽታ ነው፤ ልጇ እያለቀሰች ማንሣት የማትችል እናት መሆንን። ልጅቷ ፊቷ ጠቁሮ ትጮኻለች፤ እናቲቱ ከላይ ቆማ አብራ ታለቅሳለች።

"ይኸውልሽ" አለቻት። "ከዘጠኝ መቶ ሰው መርጠሽ የመጣሽበት ቤት ይኼ ነው። አፍ አለኝ፤ እጅ የለኝም።"

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በጣቷ መታጠፊያ እየጎነተለች፣ ሁለት ጊዜ ለማታውቀው ሰው ደውላ፣ በሦስተኛው ሲጉርሊናን አገኘች። አሮጊቷ "ሃሎ" ከማለቷ በፊት ጆሮዋ የሕፃን ጩኸት ገባ።

"ምን ሆናችሁ?"

ዳግሩን ቀልድ ፈለገች። አንድም አልመጣላትም።

"ልጄን ማንሣት አቃተኝ። ነይልኝ።"

"መጣሁ" አለች ሲጉርሊና፤ ስልኩም ተዘጋ።

ዳግሩን አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክንዷን በፍርግርጉ መሀል አሳልፋ ከትንሿ ጎን አጋደመችው። ያ ሲያስፈራት የኖረው ነገር ተነገረ፤ ተናግራውም በሕይወት አለች። ሲጉርሊና እስክትደርስ ድረስ ግን በጆሮዋ የቀረው "ማንሣት አቃተኝ" ያለችው አልነበረም። "ልጄን" ብላለች። ለሌላ ሰው፣ ጮክ ብላ፣ ሳታስበው "ልጄን" ብላለች።